የ12ኛ ክፍል ፕሮባቢሊቲ ሾርት ኖት፦ አንድ ስዕሉ ይታረም

ሾርት ኖቱ ቬን ዲያግራምን (ቡድኖችን በተደራራቢ ክቦች የሚያሳየውን ስዕል) ከመሃል ጀምሮ ማስተማሩ ትልቁ ጥንካሬው ነው። ከ40 ሰው ቡና የሚጠጡ 25፣ ሻይ 18፣ ሁለቱንም 10 ከሆኑ መጀመሪያ መደራረቢያው ላይ 10 ይጻፋል። ከዚያ ቡና ብቻ 15፣ ሻይ ብቻ 8፣ ከክቦቹ ውጭ 7። ብዙ ተማሪ ግን 25ን፣ 10ን እና 18ን እንዳሉ ይከትና ድምሩ 53 ይሆንበታል።

«ሻይ ከሚጠጡት መካከል» ቡናም የሚጠጣ ሰው የማግኘት ዕድል ስንት ነው የሚለውን በአንድ መስመር ማለፉ ያስቆጫል፤ ማካፈያው 18 እንጂ 40 አይደለም፣ መልሱም 5/9 ነው።

የማይነካኩ ሁለት ክቦችን «ነጻ ሁነቶች» (የአንዱ መከሰት የሌላውን ዕድል የማይለውጥ) ማለቱ ግን ግልጽ ስህተት ነው። አንዱ ሲከሰት ሌላው ከቀረ ምኑ ነጻነት ነው? ነጻነት በማባዛት ይፈተሻል፤ የሁለቱ ዕድሎች ብዜት ከመደራረቢያው ዕድል ጋር እኩል መሆን አለበት። በቡናና ሻይ ምሳሌው፦ 25/40 × 18/40 ወደ 0.28 ይጠጋል፣ መደራረቢያው 10/40 ማለትም 0.25 ነው፤ እኩል አይደሉም፣ ስለዚህ ነጻ አይደሉም። ፎቶኮፒው ደብዝዞ ∩ (ሁለቱም) እና ∪ (ቢያንስ አንዱ) ስለሚምታቱ ዋናውን ቅጂ ይጠይቁ።