ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ርሃቡ ተመልሶባችሁ ኪሎው ለቆመባችሁ፣ ይቺን ልጅ ላስተዋውቃችሁ

ይሄ ምስጋናም ነው ጥቆማም ነው። የማመሰግናት አንዲት ዳይቲሺያን ናት፣ የስነ ምግብ ባለሙያ፣ ስራዋ በብዛት ኪሎ ለመቀነስ የጨጓራ ኦፕራሲዮን ካደረግን ሰዎች ጋር ነው። «ስሜን አደባባይ እንዳያወጡት አደራ» ስላለችኝ እዚህ አልጽፈውም፣ የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርገኝ እሰጣለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል እንግዲህ ታገሱኝ፣ በአጭሩ «ጎበዝ ናት ሂዱ» ብላችሁ ምን ይገባችኋል።

እኔ የተሰራልኝ ስሊቭ የሚባለው ነው። ለማታውቁት ጨጓራው በቁመቱ ይቆረጥና ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ወጥቶ እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ብቻ ይቀራል። የሚወጣው ክፍል ደሞ ግሬሊን የሚባለውን የርሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመርተው ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን ርሃብ የሚባል ነገር የለም፣ ልጆቼ ናቸው «እማዬ በላሽ ወይ» እያሉ የሚያስታውሱኝ። ኪሎው ይወርዳል፣ ልብሱ ይሰፋል፣ ሰው ሁሉ «እንዴት አምሮብሻል» ይላል፣ በቃ ተገላገልኩ ትያለሽ። ከዛ ብዙ ሰው ላይ ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ርሃቡ ቀስ እያለ ይመለሳል። ይሄ የታወቀ ነገር ነው አሉ፣ ለኔ ግን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ስለዚ ርሃቡ ሲመጣና ሚዛኑም በዛው ሰሞን አልነቃነቅ ሲል ጨጓራዬ ተመልሶ ሰፋ፣ ኦፕራሲዮኑ ከሸፈ ነው ያልኩት። የሰሩልኝ ሐኪም እጃቸው ይባረክ ስራቸውን አሳምረው ሰርተዋል፣ ርሃቡን ስነግራቸው ግን ቁስሌን አይተው ሚዛን ላይ አውጥተው «ምግብ ቀንሺ» አሉኝ፣ አለቀ።

እሷ ጋ የሄድኩት በሰው ጥቆማ ነው። ገብቼ ሚዛን ላይ ልወጣ ጫማዬን ማውለቅ ስጀምር «ይቀመጡ እናቴ፣ እሱ ይደርሳል» አለችኝ። በእድሜ የመጨረሻ ልጄን ታክላለች፣ እርስዎ ነው የምትለኝ፣ እኔም ልጄ ነው የምላት። ስለ ኪሎዬ ምንም ሳትጠይቅ «ርሃቡ የት ጋ ነው የሚሰማዎት?» አለች። እኔ ደሞ ርሃብ የት ይሰማል ሆድ ነዋ ብዬ ልስቅ ስል ጠበቀችኝ፣ አሰብ አደረግኩና ደረቴ ስር አጥንቱ የሚያልቅበት ላይ እጄን አደረግኩ። ይሞረሙራል ወይስ ያቃጥላል? የማቃጠል አይነት። ሲበሉ ዝም ይላል? ለትንሽ ጊዜ። ሲተኙስ? ስተኛማ ይብስብኛል። ጠዋት በባዶ ሆድ ይርብዎታል? አይ ጠዋት ምንም የለም። ብዕሯን አስቀመጠችና «እናቴ ይሄ ሁሉም ርሃብ ላይሆን ይችላል፣ አሲድ ያለበት ይመስለኛል» አለችኝ።

ለካ ከስሊቭ በኋላ ቃር ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፣ ማቃጠሉ ደሞ የርሃብ ስሜት ስለሚመስል ሰው ሊያስታግሰው ብሎ ይበላል። መድኃኒት ራሷ አላዘዘችም፣ ይሄ ነው የወደድኩላት፣ የነገርኳትን በአንድ ገጽ ጽፋ ወደ ሐኪም ላከችኝ፣ እዛ ታይቼ ኦሜፕራዞል ተሰጠኝ፣ ያ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ነገር አብዛኛው በዛው ሄደ።

የቀረውን ደሞ በደብተር ነው ያገኘችው። ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ሰዓቱ፣ የተበላው፣ ከመብላትሽ በፊት የተሰማሽ ነገር። የካሎሪ ቦታ የለውም፣ ካሎሪ ቢኖረው ሰው ይዋሻል ትላለች (እውነቷን ነው)። ከዛ ከሰዓት በኋላ ያለው ላይ በቀይ አከበበች፣ ብስኩት በሻይ፣ ብስኩት በሻይ፣ ብስኩት በሻይ። ቁጣ የለም ስብከት የለም፣ ምን እንደሚሆን ብቻ አስረዳችኝ፣ ብስኩት ወይም ቺፕስ አይነት ነገር ከሚጠጣ ጋር ሲሆን ይሟሟና ቶሎ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ጨጓራው ሞላሁ የሚልበት ጊዜ አያገኝም፣ ስለዚ ጨጓራሽ የቱንም ያህል ቢጠብ ቀኑን ሙሉ ስትቆረጥሚ መዋል ትችያለሽ፣ ደግሞም ከትንሽ ቆይታ በኋላ መልሶ ይርብሻል። ዶሮ ወይም አሳ ወይም እንቁላል ግን ይቆያል። ለዛ ነው መጀመሪያ ፕሮቲኑ ይበላ፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ ቦታ ከተረፈ ሌላው የሚባለው፣ ለዛም ነው ምግብና መጠጥ አብሮ አይሁን፣ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠበቅ የሚባለው። ይሄን ህግ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በወረቀት ሰጥተውናል እኮ፣ ግን ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፣ ምክንያቱን ያላወቁትን ህግ ደሞ ማን ይጠብቃል።

ፕሮቲን በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ነው አለችኝና አብረን ደመርን። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ፈረሰኛ ወደ 30፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9። የኔ ቀን ሲደመር ግማሹም አይሞላም ነበር! እና በዚህ ላይ ነው እንግዲህ «ምግብ ቀንሺ» የተባልኩት።

አምሮትን ደሞ እንዲህ ነው የለየችልኝ። «አሁን የተቀቀለ እንቁላል ብሰጥዎት ይበላሉ?» ብላ ራሴን እንድጠይቅ። አዎ ካልኩ ርሃብ ነው፣ ልብላ። እንቁላሉ ይቅርብኝ ቸኮሌት ብቻ ነው የምፈልገው ካልኩ አምሮት ነው፣ ወይ ደክሞኛል ወይ ተበሳጭቻለሁ ወይ ውሃ አልጠጣሁም። ቀላል ነገር ነው ግን እስከዛሬ ፍሪጅ ከፍቼ ቆሜ የማስበው እሱን ነው፣ አንዳንዴ እንቁላሉን እበላለሁ አንዳንዴ ፍሪጁን ዘግቼ ውሃዬን ይዤ እቀመጣለሁ፣ አንዳንዴማ ቸኮሌቱን እበላለሁ እሱንም ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ፣ አትቆጣም።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጨነቁበት እሱ ስለሆነ። የመጀመሪያው መቆም በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰው ላይ ነው የሚሆነው። ምክንያቱን ስታስረዳኝ ሰውነት ስኳርን ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል፣ 1 ግራሙ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ መብላት በድንገት ሲቀንስ ያ ክምችት ስለሚያልቅ ውሃው አብሮ ይወጣል፣ መጀመሪያ በፍጥነት የወረደው ኪሎ ትልቁ ድርሻ ውሃ ነው፣ ከዛ ሰውነት ትንሽ ውሃ መልሶ ሲይዝ ስቡ እየቀነሰም ሚዛኑ ይቆማል። ያኔ ምንም ማድረግ አያስፈልግም ፕሮቲንና ውሃውን ይዞ መጠበቅ ነው። እኔ እሷ ጋ የሄድኩበት ግን የኋለኛው አይነት ነው፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ሰውነት ሲቀልል የሚያቃጥለውም ይቀንሳል፣ ድሮ 100 ኪሎ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው አሁን 80 ይዞ ሲወጣ እኩል አያቃጥልም። በዛ ላይ ፕሮቲን ጎድሎ ከሆነ ከስቡ ጋር ጡንቻ አብሮ ሄዷል፣ ጡንቻ ሲሄድ ማቃጠያው ይብሱን ይቀንሳል፣ ታዲያ ያኔ ምግቡን ደግሞ መቁረጥ የባሰ ጡንቻ ማጣት ነው።

ስለዚ ያዘዘችኝ ቀንሺ ሳይሆን ጨምሪ ነው፣ ፕሮቲኑን ጨምሪ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ላስቲክ መጎተት፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ጂም ምናምን የለም። ሚዛኑን ደሞ በሳምንት አንዴ በተመሳሳይ ቀን ጠዋት ብቻ፣ በየቀኑ መውጣቱን ከለከለችኝ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣችና ወገቤን ለካች፣ ቁጥሩን ደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ጻፈችልኝ። በቀጣዩ ስመጣ ሚዛኑ ያው እንደቆመ ነው፣ ፊቴ ጠቆረ። እሷ ሜትሩን ዞር አድርጋ ለካችና ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፣ 4 ሴንቲ ቀንሷል። ኪሎውም ቆይቶ መውረድ ጀመረ፣ እንደ መጀመሪያው አይደለም ቀስ ብሎ ነው ግን ወረደ። አብዛኛው ሰው ዝቅተኛው ኪሎው ላይ የሚደርሰው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ነው፣ አንዳንዱም እስከ 2 ዓመት፣ ከዛ በኋላ መቆሙ መክሸፍ ሳይሆን የደረሱበት ቦታ ሊሆን ይችላል አለችኝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ተከፋሁ እውነት ለመናገር፣ የተመኘሁት ቁጥር ሌላ ነበር። ግን ከማባበል ይሻላል።

አንዲት ጓደኛዬንም ልኬላታለሁ፣ እሷ ባይፓስ ነው የተሰራላት፣ ጨጓራው ትንሽ ከረጢት ብቻ ተደርጎ ከአንጀት ጋር የሚቀጠልበት ሌላው የኦፕራሲዮን አይነት። ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ሲሆናት ይንቀጠቀጣታል፣ ያልባታል፣ ከዛ ያገኘችውን ሁሉ የሚያስበላ ርሃብ ይይዛታል፣ እኛ ጭንቀት ነው ብለናት ነበር። ዳይቲሺያኗ ግን የዛን ቀን ደብተሯን አይታ ጁስና ጣፋጭ ላይ አስምራ ወዲያው ወደ ሐኪም ላከቻት። ዳምፒንግ ይባላል፣ ይሄኛው የዘገየው አይነት ነው፣ ጣፋጩ በፍጥነት አንጀት ሲገባ የደም ስኳር ከፍ ይላል፣ ኢንሱሊን በብዛት ይለቀቃል፣ ከበሉ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ማለትም ያ ርሃብ የስኳር መውረድ ነው፣ ጣፋጭ ሲበሉበት ደሞ ያው ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አሁን ጁሱ ቀርቶ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ፕሮቲን ያለው ነገር እየበላች በጣም ደህና ናት።

ርሃብ የሚቀንሰውን የኪሎ መርፌ የምትጠይቁኝ አላችሁ፣ ሴማግሉታይድ ምናምን የሚባሉትን። እኔም ጠይቄያታለሁ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ርሃብ ለከበደው ወይ ኪሎ ለተመለሰበት ሐኪሞች ያዝዙታል፣ ነውርም አይደለም ሽንፈትም አይደለም አለችኝ፣ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው፣ ከሰው ተቀብሎ የሚወጋ አይደለም፣ ያለበለዚያ የምግብ ፍላጎት ጭራሽ ጠፍቶ ፕሮቲኑም ይቀራል። የምትወስዱትን ክኒን በሙሉ ደሞ በፌስታል ይዛችሁ እንድትመጡ ታደርጋለች፣ ፕሬድኒሶሎን አይነት ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒት፣ ኢንሱሊን ርሃብና ኪሎ ይጨምራሉ። አቁሙ አትልም፣ ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቆምም፣ ላዘዘው ሐኪም ነው የምትጽፈው።

እንግዲህ እንከን የላትም ልል አይደለም። ቀጠሮዋ ላይ ታስጠብቃለች፣ አንዱን ሰው ከጀመረች አትለቅም ስለዚ መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ ስልክ አታነሳም። ቴሌግራም ላይ የምትልከው ቮይስ ረጅም ነው፣ እኔ በፍጥነት አድርጌ ነው የምሰማው (ይቅር በይኝ ልጄ)። ቫይታሚን ላይ ደሞ ድርቅ ያለች ናት፣ ካልሲየምና አይረን አንድ ላይ ወስጄ ስትሰማ ጉድ አፈላች፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራራቅ፣ ካልሲየሙ አይረኑን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክለዋል።

ልጄ፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ሚዛን ላይ ሳታወጪኝ መጀመሪያ ስላናገርሽኝ አመሰግናለሁ። ደጋግመሽ ተመስገኚ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ልጆችሽን ይባርክልሽ፣ ጓደኛዬም ይሄንኑ በይልኝ ብላለች።

ኢንቦክስ የምታደርጉኝ ሰዎች፣ ስልኳን ስሰጣችሁ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁን ልንገራችሁ፣ የተሰራላችሁ ስሊቭ ነው ባይፓስ፣ መቼ፣ የመጨረሻ የደም ምርመራችሁስ። አይረን፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ ያለበት ውጤት ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዷ እኔ ጋ የመጣች በረዶ መቆርጠም ብቻ የሚያምራት ነበረች፣ ሲታይ አይረኗ ወርዶ ነው። ኦፕራሲዮን ልስራ አልስራ የሚለውን አትወስንላችሁም እሱን ለሐኪም ተዉት። እና ማስመለስ እየደጋገማችሁ ያለ ካላችሁ ወይ ውሃ አልወርድ ያላችሁ፣ የሷን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ማስመለሱ ሲቆይ ቢ1 ያልቅና ነርቭ ይጎዳል፣ እኔም ኢንቦክስ የምመልሰው ማታ ማታ ነው።