ቡችላ ልወስድ ሄጄ ተፈትኜ ተመለስኩ

ደሴ፣ ጢጣ ላይ ዶሮ አረባለሁ። ብዙ አይደሉም፤ መቶ ሃያ የእንቁላል ዶሮዎች ናቸው። ማታ ቆጥሬ የዘጋሁባቸው ግን ጠዋት ስከፍት ይጎድላሉ። አንዳንዴ ሸለምጥማጥ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ባለ ሁለት እግር ሸለምጥማጥ ነው። ለዘበኛ የእንቁላሉ ትርፍ አይበቃም። ስለዚህ ውሻ።

ከዚህ በፊት አንዴ ተበልቻለሁ። አንድ ደላላ «ንጹሕ ጀርመን ሸፐርድ ነው፣ የፖሊስ ውሻ ልጅ» ብሎ አምስት ሺህ ብሬን ተቀብሎ ጥቁር ወንድ ቡችላ ሰጠኝ። እናቱን አላየሁም። የት እንደተወለደ አልጠየቅኩም። በአራተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለ፣ አስመለሰው፣ ከዚያ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዘው። የእንስሳት ሐኪሙ ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ነው አለኝ። በስድስተኛው ቀን ሞተ። ደላላው ስልኩን ዘጋ። ሐኪሙ ቫይረሱ ግቢ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊቆይ እንደሚችል ነግሮኝ፣ በረኪና አንድ እጅ ለሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጬ ሲሚንቶውንና ሳህኑን እንዳጥብ አዘዘኝ። «ሌላ ለማምጣት አትቸኩይ» አለ። አልቸኮልኩም። ከዓመት በላይ ጠበቅኩ።

ስለ እማማ የነገረችኝ እንቁላል የምትወስድልኝ ባለ ሻይ ቤት ናት። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ቤታቸው ቦሩ ሜዳን አልፎ ወደ ኩታበር ሲኬድ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ነው። በግ ያረባሉ፣ ገብስ ይዘራሉ። ውሻቸው ስድስት ወልዳለች። «ግን ዝም ብለው አይሰጡም» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ስለ መንገዱ በአጭሩ፦ ሚኒባሱ ያወረደኝ ቦታ ላይ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ደረሰ። ከዚያ አርባ ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ኔትወርክ ደግሞ አንዱ ባሕር ዛፍ ሥር ብቻ ነው ያለው። ደውዬ እሄዳለሁ የሚል ይተወው።

እማማ ቡና እያፈሉ ደረስኩ። እናቲቱ ውሻ ከሩቅ አይታኝ ጮኸችብኝ። እሳቸው «ምን አገባችሁ! ተመለሺ!» ሲሉ እኔን መስሎኝ ቀጥ አልኩ። የውሻዋ ስም ነው። በድንበር የተጣሉት ጎረቤት አለ፤ ውሻዋን በጠሩ ቁጥር መልእክቱ ይደርሰዋል። ውሻ እንዲህ ዓይነት ስም ሲሰጠው ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፣ በሥራ ላይ ሲውል ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ገና አቦሉ ሳይቀዳ ጥያቄው ጀመረ። አጥርሽ ቆርቆሮ ነው ወይስ እሾህ? ሰንሰለት አለሽ? ቀን ሙሉ ልታስሪው ነው? ሌሊት ማን ይፈታዋል? አንድ ዶሮ ቢበላብሽ ምን ታደርጊዋለሽ? ይሄኛው ላይ ትንሽ አሰብኩ። «እቆጣዋለሁ» አልኩ። «መቆጣት ብቻ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጀበናው ሳያነሱ። ቀጥሎ ያልጠበቅኩት መጣ።

«አንቺ ክርስቲያን ነሽ አይደል? ሁዳዴ ሲገባ ምን ልታበይው ነው?»

እውነት ለመናገር አስቤው አላውቅም። የኛ ውሻ የሚበላው የኛን ትራፊ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ምስር ከሆነ ትራፊውም ሽሮና ምስር ነው። ገበታ ላይ አጥንት የለም። እሳቸው ጎረቤቶቻቸው ቤት ውሻ በጾም ወር አጥንቱ ሲቆጠር አይተዋል። የተሰነጠቀ እንቁላል ሁሌም አለኝ፣ ቀቅዬ ከእንጀራ ጋር አበላዋለሁ ስላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ያም ሆኖ ያን ቀን ባዶ እጄን ተመለስኩ። ቡችሎቹ አምስት ሳምንታቸው ነበር። «ጡት ሳይጥሉ አልሰጥም። ስምንት ሲሞላቸው ነይ። አብሽሪ፣ አይሸሹም።» ተናድጄ ነው የወረድኩት። ያ ሁሉ መንገድ! ሐኪሙ ግን ሴትየዋ ልክ ናቸው አለኝ። ያለ ጊዜው ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ቡችላ ንክሻውን መመጠን አይማርም። ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ በሰላም ያየውን ነገር ሲያድግም አይፈራውም፣ አይደነብርበትም። እዚያ ግቢ ውስጥ በግ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ የገበያ አህያ አለ።

ጫጩት የያዘች ዶሮም አለች። ሁለተኛ ስሄድ ያየሁት ይሄ ነው፦ አንዱ ቡችላ ጭራውን እየቆላ ወደ ጫጩቶቹ ሲጠጋ እናትየው ላባዋን ነፍታ ተወረወረችና አፍንጫውን ወጋችው። ቡችላው እየጮኸ ጎተራው ሥር ገባ። እማማ ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን ገንዘብ የቆጠረልኝ ሰው ያየሁ ያህል ደስ አለኝ። ይሄን ትምህርት ጢጣ ላይ በማን ዶሮ ልሰጠው ነበር?

ዓይኔ ያረፈው ትልቁ ወንድ ላይ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቀላ ያለ፣ ቁርጥ የፖሊስ ውሻ። አባቱ ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። «የመንገድ ሥራው ካምፕ ትልቅ ውሻ ነበራቸው። እሱም መጥቷል፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉም መጥቷል። አላህ ነው የሚያውቀው።» እውነትም ስድስቱ አንድ አይመስሉም፤ ሁለቱ ክልስ መሆናቸው ያስታውቃል፣ ሌሎቹ ቡናማ የአበሻ ውሻ ናቸው። አንድ ጊዜ የተወለዱ ቡችሎች ከተለያየ አባት ሊሆኑ እንደሚችሉ ኋላ ሐኪሙ ነገረኝ። ደላላ ቢሆን ስድስቱንም ጀርመን ያደርጋቸው ነበር።

ወንዱን አልሰጡኝም። የድስት ክዳን አነሱና ድንጋይ ላይ ለቀቁት። ጓ! ቡችሎቹ ተበተኑ። ትልቁ ወንድ ሸሽቶ ቀረ። አንዱ ከሩቅ ሆኖ ይጮሃል። አንዲት ቡናማ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ጠብታ ያላት ሴት ግን ትንሽ ሮጣ ቆመች፣ ዞረች፣ በሆዷ እየተሳበች መጥታ ክዳኑን አሸተተችው። ከዚያ ላሰችው።

«ይቺ ናት ያንቺ።»

«ወንዱን ነበር እኮ ያሰብኩት፣ እማማ።»

«ወንዱ ሰው የሚበዛበት ቤት ይሂድ፣ ይደፋፈራል። አንቺ ብቻሽን ነሽ። ደንግጦ የሚመለስ ነው የሚያስፈልግሽ።»

ተከራከርኩ፤ ዋጋ አልነበረውም። ሴት ውሻ ስትደርስ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ አጥሬ ሥር እንደሚያድር አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። «ያኔ ሐኪምሽን ጠይቂ» ብለው ዘጉት።

ክፍያ የለም። ብር ሳወጣ ፊታቸው ተለወጠ። የውሻ ዋጋ አይበላም አሉ፤ በሃይማኖታቸው እንደማይፈቀድ። ለከብትና ለቤት ጥበቃ መያዝ ግን ይፈቀዳል። ውሻዋ የምትበላው ከተሰበረ የሸክላ ምጣድ ነው፣ ከደጃፉ አታልፍም። ያ የተላሰው ክዳንም ሰባት ጊዜ ታጠበ፤ አንዱ በአፈር ነው። ሰባቱንም አይቻለሁ። ለዚህ ሙከራ ሲሉ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያዩ ሴት ናቸው እንግዲህ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፦ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ነበር የያዝኩት፣ እሱን በዱዓ ተቀበሉኝ። ለምትሄዱ ሁሉ የምመክረው ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የቡችላዋ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። እማማ ጥጋብ ነው ብለዋል። ጥጋብ አይደለም፣ ትል ነው። በማግስቱ ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ ሲወጣ ያየሁትን አልገልጽም፣ ምግብ ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ቡችላ ከሁለተኛ ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የትል መድኃኒት ማግኘት ነበረበት። እዚያ ግቢ አንድም አልተሰጠም።

የባሰው ሌላ ነው። በግ ሲታረድም ሆነ ሲሞት ጭንቅላቱን ለውሻዋ ይጥሉላታል። «አዙሪት የያዘው በግ አርደን ጭንቅላቱን ሰጠናት» ሲሉ ሰምቼ ለሐኪሙ ነገርኩት። ራሱን ያዘ። የአዙሪት መነሻ የውሻ ኮሶ ነው። ውሻዋ ውሃ የቋጠረውን የበግ አንጎል ትበላለች፣ ኮሶው ሆዷ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከኩሷ ጋር ሳር ላይ ይወድቃል፣ በጉ ሳሩን ይግጣል፣ ከዚያ በጉ መዞር ይጀምራል። ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ መጣል ደግሞ ለሰውም የሚተርፍ በሽታ ያመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጭንቅላቱን ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር፣ ሆድቃውን ሳይቀቅሉ አለመጣል፣ ውሻውን የኮሶ መድኃኒት መስጠት። በሻይ ቤቷ በኩል መልእክት ላክሁ። መልሳቸው «ያ ሁሉ በጌ በሷ ነው ያለቀው?» የሚል ነበር። አሁን ይቀብራሉ ተብሏል። ቢሆንም አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ፦ ከአምስት አራት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም የራሳችሁ ሥራ ነው፤ የኔዋ ሦስት ወር ሲሞላት ተከትባለች፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው።

ስወጣ ከእናቷ መኝታ ላይ የጆንያ ቁራጭ ቀደው ካርቶኑ ውስጥ ከተቱልኝ። ሽታው ለሰው አይመከርም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ግን እሱ ላይ አፍንጫዋን ቀብራ ነው ያደረችው። ደላላው ከሰጠኝ ጋር ሌሊቱን ሙሉ አልቅሰናል፣ ሁለታችንም። ሌላም ነገር አሉኝ፦ «ካልሆነችልሽ መንገድ ላይ እንዳትጥያት። እዚሁ አምጪልኝ።» ይሄን ቃል የሚሰጥ ሻጭ ካያችሁ ንገሩኝ።

ሚኒባስ ላይ ካርቶኑን እግሬ ሥር አድርጌ ዝም ብያለሁ። ቦሩ ሜዳ ላይ ረዳቱ «ሂሳብ!» ብሎ ሲጮህ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ጆሮ ቆመ፣ ከዚያ ራስ ወጣ። አጠገቤ የነበሩት አባት ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ተጠጉና «ማሻአላህ፣ የምን ዘር ናት?» አሉ። ረዳቱ የሷንም ሊያስከፍለኝ ሞከረ። አልከፈልኩም። ስሟ ግን ሂሳብ ሆኖ ቀረ። በር ላይ «ሂሳብ!» ብዬ ስጣራ እንቁላል ሊገዙ የመጡ ሰዎች ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።

አሁን ስድስት ወሯ ነው። ከመጣች ሦስት ዶሮ ጎድሎብኛል፤ ሦስቱም በመጀመሪያው ወር፣ ገና ሌሊት ሳትጠብቅ። እሷ የነካችው የለም። አንዴ አንዷን ቄብ አባርራ ነበር፣ አውራ ዶሮው መልሶ አባረራት።

ባለፈው ሰሞን እማማ ደሴ ገበያ መጥተው ሳይነግሩኝ በሬን አንኳኩ። ሂሳብ አጥሩን ልታፈርስ ደረሰች፣ ጥርሷን እያሳየች ጮኸችባቸው። አፍሬ ይቅርታ ስጠይቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይስቃሉ። «ረሳችኝ! አልሐምዱሊላህ፣ ረሳችኝ!» ገብተው ሳህኗን አዩ፣ አጥሩን ዞሩ፣ ሰንሰለቷን ለኩ፣ ትንሽ ቀጥናለች ብለው ወቀሱኝ። ቡና አፈላሁላቸው። ስለ ኮከቡ ጉዳይ አልነገርኳቸውም።