ድሬ ላይ «ባለ ማቀዝቀዣ» ሼከር ኢንኩቤተር የምትገዙ፣ ጀርባውን ሳታስፈቱ ብር እንዳትቆጥሩ

ንዴቱ ሳይበርድ ልጻፈው። ሼከር ኢንኩቤተር ማለት ፍላስክን (የላብራቶሪ ጠርሙስን) በተሞላለት ሙቀት እያወዛወዘ የሚያቆይ ሣጥን ነው። በጅቡቲ በኩል የገባ «የአውሮፓ ላብራቶሪ ዕቃ» የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ካርቶን የለ፣ ማንዋል የለ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ግን ግድግዳው ላይ አይጠፋም። ኤሲ በለቀቁበት ሱቅ ማሽኑን ይሰኩላችኋል፣ 30 ዲግሪ እና በደቂቃ 200 ዙር ይሞሉታል፣ ስክሪኑ 30 እና 200 ያሳያል፤ አለቀ፣ ሙከራው ያ ነው። ክፍሉ 24 ዲግሪ ሆኖ 30 ላይ መቆም እኮ ማሞቂያ ያለው ሣጥን ሁሉ ይችለዋል።

ከእንዲህ ያለ ሱቅ የተገዛ አንድ ሼከር ነበር፤ የተገዛውም እርሾ በተከታታይ ለማሳደግ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ፣ ጎኑ ላይ የመስታወት መውጫ ያለው፤ ፔሪስታልቲክ ፓምፕ (ቱቦውን እየጨመቀ ፈሳሽ የሚገፋ) በቀጭን የሲሊኮን ቱቦ በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር አዲስ ሚዲያ፣ ማለትም የእርሾውን ምግብ፣ ያንጠባጥባል፣ ትርፉ በጎን መውጫው ይወርዳል። ውስጡ የሚቀረው 25 ሚሊ ሊትር ከሆነ ዳይሉሽን ሬቱ (በሰዓት የሚገባው ሚዲያ ውስጥ ላለው ሲካፈል) በሰዓት 0.2 ነው። እርሾው ከዚህ ፍጥነት በታች ካደገ ታጥቦ ይወጣል፣ ምሕረት የለውም።

ማቀዝቀዣ የሌለው ሼከር ደግሞ ከክፍሉ ሙቀት በታች መውረድ አይችልም። ሞተሩ ራሱ ስለሚያሞቅ ከክፍሉ አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ከሰዓት 35 ሲገባ ፍላስኩ 40 ይደርሳል። እዚያ ላይ የእርሾው እድገት ወደ 0.05 በሰዓት ቢወርድ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከነበረው ስድስተኛው እጅ ብቻ ይቀራል። ጠዋት እንደ ወተት የደፈረሰው ፍላስክ ማታ ወለሉ ይታያል። ፓምፑን ትወቅሳላችሁ፣ ሚዲያውን ትወቅሳላችሁ፣ ጥፋተኛው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ማሽኑ ተመልሶ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። የሱቁ ልጅ ካቻቢቴ አምጥቶ የጀርባውን ላሜራ ፈታ። ማቀዝቀዣውን የሚያሠራው ኮምፕረሰር የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ! አራት የብሎን ቀዳዳ፣ ዘይት የጠጣ አቧራ፣ በፒንሳ ተቆንጥጠው የተደፈኑ ሁለት የመዳብ ቱቦዎች። ኮምፕረሰሩ ይሄኔ የአንዱን ሰው ፍሪጅ እያቀዘቀዘ ነው። ፊት ለፊት ያለችው የበረዶ ምልክት ግን አረንጓዴ እንደበራች ናት፤ መብራቷ የምትታዘዘው ከቦርዱ ነው፣ ኮምፕረሰር ኖረ አልኖረ ግድ የላትም። ልጁ አልደነገጠም። ብሎኖቹን መዳፉ ላይ እያቃጨለ ወደ አለቃው ዞረ። አለቃው ከፍራሹ ሳይነሳ፣ ጉንጩን እንደወጠረ፣ «አቦ አታካብዱ! ይኼ የሚያወዛውዝ ማሽን ነው፤ ቅዝቃዜ ከፈለጋችሁ ፍሪጅ ግዙ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ሐረር የወሰደው ሰውዬ አንድ ቀን ደውሎ አያውቅም» ብሎ ጨመረበት። አይደውልማ! ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ከሰዓቱ ራሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ማሞቂያው ብቻ 30ን ይይዛል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ቁጭ ብላ ማንን ትቀዘቅዝለት? አለቃው ይህን ደህና አድርጎ ያውቃል፣ አውቆም ነው ኤሲ የሚለቀው።

ቺንጋውም (ሞተሩ ፍላስክ የሚደረደርበትን ትሪ የሚያዞርበት ቀበቶ) ሌላ ጉድ ነው። ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር ሞተሩ ላይ ስለሆነ ያረጀው ቺንጋ ሲያንሸራትት ስክሪኑ 200 እንዳለ ይቀራል፣ ትሪው ግን ፍላስክ ሲጫንበት ወደ 160 ይወርዳል። ለተራ የፍላስክ ሥራ ኦክስጅን አነሰ ትላላችሁ። በጎን መውጫ ለሚሠራ ግን ስሌቱን በሙሉ ነው የሚያበላሸው። ፈሳሹ ግድግዳው ላይ የሚወጣው በዙሩ ኃይል ነው፤ ዙሩ ሲቀንስ ፈሳሹ መውጫው ጋ ለመድረስ ብዙ መጠራቀም አለበት። 25 የነበረው 33 ሚሊ ሊትር ቢሆን 0.2 ያላችሁት ዳይሉሽን ሬት 0.15 ሆኗል፣ ዙሩ ቀንሶ ፈሳሹ ስለበዛም አየሩ ይብሱን ያጥራል፣ እርሾው አልኮል መሥራት ይጀምራል። ደብተራችሁ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሼከሩ ዜሮ ላይ ተኝቶ ፓምፑ ብቻውን መነሳቱን ለዛሬ እንለፈው።

ለማንኛውም፣ ከሰዓት ሂዱ፣ ኤሲውን አስጠፉ፣ ማሽኑን 30 ላይ ሙሉ፣ ውሃ የሞላ ፍላስክ ውስጥ የራሳችሁን ቴርሞሜትር ከታችሁ ለሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁና 30 ላይ መቆሙን እዩ። ትሪውን በፍላስክ ሙሉ፣ በስልክ በስሎው ሞሽን ቅረጹና ዙሩን ቁጠሩ። ትሪው ላይ እስክሪብቶ አስራችሁ ከላይ ወረቀት ብትይዙበት የሚስለው ክብ ዲያሜትር ትክክለኛው የውዝዋዜ ስፋት ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ብለው 10 የሚሸጡም አሉ። ደረሰኙ ላይ «ከነኮምፕረሰሩ» ብለው ካልጻፉላችሁ ተዉት።