ለቤት የእጅ ባትሪ፦ ታሽጎ የሚመጣው፣ ባለሊቲየሙ ወይስ ባለደብል ኤው?

ባለፉት ዓመታት ዘመዶቼና ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «መብራት ሲጠፋ የማያሳፍር የእጅ ባትሪ የትኛው ነው?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቃል ሳስረዳ ግማሹ ስለሚዘነጋ፣ ሦስቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ጎን ለጎን አድርጌ፣ ገንዘቤን የት እንዳባከንኩና የት እንዳተረፍኩ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥኩ። ምርጫዬን ከጅምሩ ልናገር፤ ለቤት የዘወትር አገልግሎት የሚሻለው በደብል ኤ ድንጋይ የሚሠራው ባትሪ ነው፤ ድንጋዩም እየተሞላ ደጋግሞ የሚያገለግለው የኒኬል ዓይነት መሆን አለበት።

በዚህ ጽሑፍ «ባትሪ» የምለው በእጅ የሚያዘውን መብራት ሲሆን፣ «ድንጋይ» የምለው በውስጡ የሚገባውን የኃይል ምንጭ ነው። የገንዘቡም የገበያውም ዓይነት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ የአንድ ጥሩ ደብል ኤ አልካላይን ድንጋይ (የማይሞላው፣ ሲያልቅ የሚጣለው ዓይነት) ዋጋን እንደ መለኪያ እወስዳለሁ፤ «የ10 ድንጋይ ዋጋ» ስል የ10 አልካላይን ድንጋይ ዋጋ ማለቴ ነው። ቁጥሮቹ እኔ በገዛሁበት ጊዜ የነበሩ በመሆናቸው፣ አንባቢ የራሱን ገበያ ዋጋ ተክቶ ቢያሰላ ለእርሱ የሚሆነውን ውጤት ያገኛል።

በመጀመሪያ ታሽጎ የሚመጣውን እንውሰድ። ይህ ከጀርባው ተጎትቶ የሚወጣ የሶኬት እግር ያለው፣ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚሞላው ባትሪ ነው። ዋጋው የ10 ድንጋይ ያህል ብቻ ስለነበረ በአንድ ጊዜ ሦስት ገዛሁ፤ ሦስቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሥራ አቆሙ። ስፈታቸው ውስጣቸው ያገኘሁት ባለ4 ቮልት የእርሳስ አሲድ ድንጋይ ነበር፤ አሠራሩ ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ኃይሉ ተሟጦ ለሳምንታት ሲቀመጥ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ቢያድርም ኃይል አይቀበልም። የቤት ባትሪ የሚያጋጥመው ደግሞ ይኸው ነው፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ተሟጦ ያልቃል፣ መብራቱ ሲመለስ ይረሳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈለግ ደርቆ ይገኛል።

ከሦስቱ አንዱን ለማስጠገን ሞክሬ ነበር። ተለዋጩ ድንጋይ ብቻውን የ5 ድንጋይ ዋጋ ፈጀ፤ የእጅ ዋጋው ሲታከልበት አዲስ ለመግዛት ጥቂት የቀረው ሆነ። ያም ሆኖ ከሰባት ወር በላይ አላገለገለኝም፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ሲሞላ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ነገር በውስጡ ስላልነበረ፣ ተሰክቶ ባደረ ቁጥር ድንጋዩ ይጎዳ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን አደጋው ነው። በእነዚህ ርካሽ ባትሪዎች ውስጥ ኤሌክትሪኩን ቀንሶ ከግድግዳው መስመር የሚለይ ትራንስፎርመር የለም፤ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ የሚገድበው ካፓሲተር የሚባል አንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ወይም ተፈትቶ ሳለ ከተሰካ፣ የውስጡን ብረት የሚነካ እጅ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ እንደ ነካ ይቆጠራል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ዓይነት በነፃ እንኳ ቢሰጥ መቀበል የለበትም እላለሁ።

በታይፕ ሲ ገመድ የሚሞሉትና በውስጣቸው ሊቲየም ያላቸው አዲሶቹ ታሽገው የሚመጡ ባትሪዎች ከዚህ እጅግ ይሻላሉ፤ ክብደታቸው ቀላል ነው፣ ሲሞሉም ያቋርጣሉ። ነገር ግን ድንጋዩ በብየዳ የተያያዘ በመሆኑ፣ ሲያረጅ ወይም የገመዱ መሰኪያ ሲላላ ዕቃው በሙሉ ይጣላል። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ባዶ ሆኖ ከተገኘም የሚለወጥ ድንጋይ የለምና በእጅ ያለው ባዶ ብረት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት 18650 በሚባለው የሊቲየም ድንጋይ የሚሠራው ነው። ቁጥሩ የድንጋዩ መጠን ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። በኃይል የሚወዳደረው የለም፤ አንድ ጥሩ 18650 የያዘው ጉልበት እየተሞላ ከሚሠራ አንድ ደብል ኤ ድንጋይ አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ጓሮን ከዳር እስከ ዳር ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ቢመርጥ አልቃወመውም። ችግሩ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው፤ በገበያ ላይ እንደዚህ ድንጋይ የተጭበረበረ ዕቃ አላየሁም።

እኔ ራሴ በላዩ 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት (የድንጋይ አቅም መለኪያ) የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ሁለት ድንጋዮች የገዛሁት ከትክክለኛው በግማሽ ዋጋ ስላገኘኋቸው ነበር። ባትሪው ከአንድ ሰዓት በታች አብርቶ ሲደክም በሚለካ ቻርጀር ፈተንኳቸው፤ የያዙት 1100 ያህል ብቻ ነበር። በዚህ መጠን የተሠራ ትክክለኛ ድንጋይ ለብዙ ዓመታት ከፍተኛው አቅሙ 3500 አካባቢ መሆኑን ያኔ ባውቅ ኖሮ ጽሑፉን እንዳየሁ ትቼው እሄድ ነበር። ለገዢ የምሰጠው ቀላሉ ፈተና ሚዛን ነው፤ ትክክለኛው 18650 ከ43 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ የእኔዎቹ 31 ግራም ነበሩ። በአንዳንዶቹ ሐሰተኞች ቅርፊት ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ተደርጎ ቀሪው ቦታ በዱቄት ይሞላል። የከፈልኩትን ግማሽ ዋጋ በያዙት አቅም ብናካፍለው፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ አምፔር ሰዓት ያወጣሁት ከትክክለኛው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ርካሽ የመሰለኝ ዕቃ እንዲህ ውድ ሆነብኝ።

ሊቲየም ጥንቃቄም ይጠይቃል። ፕላስቲክ ቅርፊቱ የተላጠ ድንጋይ መጣል አለበት፤ ልቅ ድንጋይ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር በኪስ አይያዝም፤ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይተውም፤ በርካሽ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሰው አይተኛም። ይህን ሁሉ እኔ ላስታውስ እችላለሁ፤ አያቶችና ልጆች በየመሳቢያው በሚያገኙት ዕቃ ላይ ግን ይህን ያህል ሕግ መጫን አልፈልግም። በዚህም ምክንያት በቤቴ ያለው ባለ18650 አንድ ብቻ ነው።

ባለደብል ኤውን የመረጥኩበት ዋና ምክንያት ደግሞ ብርሃኑ አይደለም። አንድ ድንጋይ የሚገባበት ጥሩ ባለደብል ኤ ባትሪ 100 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ለ2 ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ይህ ወደ ጣሪያ ሲዞር አንድ ክፍልን ለመንቀሳቀስ በሚበቃ ብርሃን ይሞላል። የሚበልጠው ጥቅም ድንጋዩ ለሁሉም መሆኑ ነው። የግድግዳ ሰዓት፣ የቴሌቪዥን ሪሞት፣ የልጆች መጫወቻና አምስቱ የእጅ ባትሪዎች አንድ ዓይነት ድንጋይ ሲጠቀሙ፣ በቤቱ ውስጥ ባዶ የሚሆን ባትሪ አይኖርም፤ አንዱ ሲደክም ከሌላው ይወሰዳል። የተሞላው ሁሉ ቢያልቅ እንኳ አልካላይን ድንጋይ የማይሸጥበት ቦታ ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው የቀድሞውን የኒኬል ድንጋይ ስለሚያስታውስ «ሞልቼ ባስቀምጠው በወሩ ባዶ ይሆናል» ይለኛል። ያ እውነት ነበር። በ2005 የጃፓኑ ሳንዮ ኩባንያ ኢነሉፕ በሚል ስም ተቀምጦ ሳለ ኃይሉን በቀስታ የሚያጣውን ዓይነት ካወጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ተሞልቶ ዓመት ቢቀመጥ አብዛኛው ኃይሉ በውስጡ ይገኛል። ቮልቱ ከአልካላይኑ 1.5 ያነሰ፣ ማለትም 1.2 መሆኑም ሊያሳስብ አይገባም፤ አልካላይን ሥራ ሲበዛበት ቮልቱ ፈጥኖ ሲወርድ የኒኬሉ ግን እስከ መጨረሻው አካባቢ ጸንቶ ይቆያል።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። የእኔ ቤት በዓመት 40 ያህል አልካላይን ድንጋይ ይጨርስ ነበር። አንድ ጥሩ የኒኬል ድንጋይ የ4 ድንጋይ ዋጋ ስለነበረው 12ቱን በ48 ገዛሁ፤ ቻርጀሩ የ15 ድንጋይ ዋጋ ፈጀ፤ ድምሩ 63 ሆነ። በዓመት 40 ከሚወጣበት ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር በ19 ወር ገደማ ራሱን መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። የኤሌክትሪኩ ወጪ ከሒሳብ የሚገባ አይደለም፤ በ1 ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ድንጋይ ከ200 ጊዜ በላይ ይሞላል።

በዚህ ሒሳብ ያልገባው ትልቁ ወጪ የፈሰሰ ድንጋይ ያበላሸው ዕቃ ነው። የ25 ድንጋይ ዋጋ ያወጣ ጠንካራ የአሉሚኒየም ባትሪ አልካላይን እንደ ያዘ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ዓመት ተረሳ፤ ስከፍተው ነጭ ቅርፊት ሞልቶት፣ ድንጋዩ ከባትሪው የውስጥ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። ከአልካላይን የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ በተነከረ ጥጥ ይጸዳል፤ ይህን አድርጌ አንድ ሪሞት አድኛለሁ። ያንን ባትሪ ግን ለማዳን አልቻልኩም፤ ስፕሪንጉም የክዳኑ ክርም ተበልቶ ነበር። የኒኬል ድንጋይ እንዲህ ሲፈስ እምብዛም አይታይም። ለወራት ሳይነካ በሚቀመጥ ባትሪ ውስጥ፣ ለምሳሌ በመኪና ውስጥ፣ የማይሞላው ባለ1.5 ቮልት የሊቲየም ደብል ኤ ውድ ቢሆንም ይመረጣል፤ አይፈስም፣ ሙቀትንም ብርድንም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። 14500 የሚባል፣ መልኩም መጠኑም ደብል ኤ የሚመስል የሊቲየም ድንጋይ አለ፤ ቮልቱ ግን 3.7 ነው። በስህተት ወደ መጫወቻ ወይም ወደ ሰዓት ከገባ ያቃጥለዋል። ሁለቱን በአንድ ቤት ውስጥ ማኖር አይገባም። የኒኬል ድንጋይም ሐሰተኛ አለው፤ በደብል ኤ ላይ ከ3000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በላይ ተጽፎ ከታየ መተው ነው፤ ኃይሉን በቀስታ የሚያጣው ትክክለኛው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 2000 አካባቢ ነው። ቻርጀሩ እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻው የሚመለከት መሆን አለበት፤ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በሰዓት ቆጥሮ የሚያቆመው ርካሹ ቻርጀር የኒኬል ድንጋዮቼን አራቱን አሙቆ አበላሽቶብኛል፤ ማለትም የ16 ድንጋይ ዋጋ ወሰደ፣ ይህም ከጥሩው ቻርጀር ዋጋ በላይ ነው።

ስለ ሉመን ብዙ አልልም። በማሸጊያው ላይ 100000 የሚል ቁጥር ያለበት በኪስ የሚገባ ባትሪ ውሸት ነው፤ ኤፍ ኤል 1 የሚለውን የመለኪያ ምልክት የያዘ ባትሪ ቢያንስ በታወቀ መንገድ ተለክቷል። የሰዓቱ ቁጥር ግን ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ የሚያመለክት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከከፍተኛው ይልቅ የማየው ዝቅተኛውን ደረጃ ነው። ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ለሚሄድ ሰው 5 ሉመን ይበቃዋል፤ ጨለማ የለመደ ዓይን በኃይለኛ ብርሃን ከተመታ እንደገና በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። የብርሃኑ ቀለም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነም የሽቦ ቀለም ለመለየት ያስቸግራል፤ ሞቅ ያለውን እመርጣለሁ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ተወስዶ የማይመለስ ባትሪ እንደሌለ ይቆጠራል። በእኔ ቤት አንዱ በአልጋው ራስጌ፣ አንዱ በመግቢያው በር ጀርባ በክር ተንጠልጥሎ፣ አንዱ በወጥ ቤት መሳቢያ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ ቆጣሪው አጠገብ ይገኛል፤ በጨለማ የሚያበራ ቁራጭ ፕላስተር በእያንዳንዱ ላይ ተለጥፏል። አምስተኛው በግንባር የሚታሰረው ነው፤ ሁለት እጅ ለሚፈልግ ሥራ፣ ምግብ ለማብሰልም ሆነ የተበላሸ ቧንቧ ለመጠገን፣ ከሁሉም የበለጠ ያገለገለኝ እርሱ ነው። ማብሪያቸው ኤሌክትሮኒክ የሆኑት ጠፍተው ሳሉም ጥቂት በጥቂት ኃይል ስለሚስቡ የኋላ ክዳናቸውን ሩብ ዙር አላላለሁ፤ በአብዛኞቹ የአሉሚኒየም ባትሪዎች ይህ ኃይሉን ይቆርጠዋል። ክዳኑ በተላላው ባትሪ ላይ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የማያውቅ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ያስቀምጠዋል። ድንጋዮቹን በየአራት ወሩ አንድ ቀን ሰብስቤ እሞላለሁ፤ አሮጌና አዲስ እንዳይቀላቀሉ የተገዙበትን ዓመት በብዕር ጽፌባቸዋለሁ፤ ሁለት ድንጋይ በሚገባበት ባትሪ ውስጥ ደካማው በጠንካራው ተገፍቶ ስለሚበላሽ ይህ ትንሽ ድካም ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ለማይሞላለት ሰው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ፦ መጀመሪያ በግንባር የሚታሰር አንድ ባለደብል ኤ ባትሪና በዕለቱ በተገኘው አልካላይን ድንጋይ፣ ቀጥሎ ለየብቻ የሚሞላው ቻርጀር ከአራት የኒኬል ድንጋይ ጋር፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ አንድ አንድ ባለደብል ኤ ባትሪ ከሁለት ድንጋይ ጋር። ባለ18650ው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ሲገዛም የድንጋዩ ክብደት በሚዛን ይታይ።