ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ? የላፕቶፕ ቻርጀር ስትገዙ

«ዴል ላፕቶፔ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም፤ ባትሪ ልግዛ?» ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ቆይ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን እንይ። የዴል ቻርጀር ጫፍ መሃል ያለችው ቀጭን መርፌ ላፕቶፑን አትመግብም። ቻርጀሩ 65 ወይም 90 ዋት መሆኑን ውስጡ ያለች ትንሽ ቺፕ ለላፕቶፑ የምትነግረው በእሷ በኩል ነው። መልእክቱ ካልደረሰ ላፕቶፑ ይበራል፤ ባትሪ ግን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ይንቀራፈፋል። ሲነሳ ኤፍ2 ተጭናችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይከፈት የሚመጣው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ውስጥ የባትሪውን ገጽ ክፈቱ። የቻርጀሩ ዋት ካልተጻፈ፣ በሌላ ኦሪጅናል ቻርጀር ሳትሞክሩ ለባትሪ ገንዘብ አታውጡ። ኮፒ ላይ ይህቺ ቺፕ ቶሎ ትሞታለች።

ስለዚህ ያገለገለ ኦሪጅናል ግዙ። ኮፒው 1,200፣ ያገለገለው 2,000 ብር ተባሉ እንበል፤ ልዩነቱ 800 ብር ነው። ኮፒው በዓመት አንዴ ቢቀየር እንኳ ለሁለቱ ኮፒ 2,400 ብር ወጣ፣ ያለ ጥፋቱ የተለወጠው ባትሪ ሳይደመር። ሻጩ የኮፒውን እጥፍ ከጠራ ግን ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ኮፒው የረከሰው ከውስጡ ስለተቀነሰ ነው። ከግድግዳ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚያጣራው ጥቅልል ሽቦ ብዙ ጊዜ የለም። በ220 ቮልቱና በላፕቶፑ ወገን መካከል የሚቀመጠው የደህንነት ካፓሲተርም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) በተራ ካፓሲተር ይተካል። እሱ ሾርት ካደረገ 220 ቮልት ላፕቶፑ አካል ላይ ይመጣል፤ ሰው የሚነካው አካል ላይ! መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ያለ ጭነት፣ ማለትም ላፕቶፕ ሳይሰካ፣ 19.5 ቮልት ማሳየቱም አያጽናናችሁ፤ ደካማው ቻርጀር ቮልቴጁ የሚወርደው ሲጫን ነው።

ያገለገለውን ስትመርጡ በእጃችሁ መዝኑት፣ ነቅንቁት፣ አሽትቱት። ቀላል ከሆነ፣ ውስጡ ከተንኳኳ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ ይቅር። ኦሪጅናል ስቲከር የተለጠፈበት ኮፒም ሞልቷል፤ የሆሄያት ስህተት ወይም በብዙ ቻርጀር ላይ የተደገመ አንድ ሲሪያል ቁጥር ያጋልጠዋል። ባትሪው ባለቀ ላፕቶፕ ላይ 20 ደቂቃ አስሞክሩት፤ መሞቁ ያለ ነው፣ እጅ ማስጣል ግን የለበትም።

ገመዱ ጫፉ አጠገብ ከተበጠሰ ቻርጀሩን አትጣሉ፤ ጫፉ ከነገመዱ ብቻውን ይቀየራል። ዴል ላይ ሦስት ሽቦ አለ። ቀጭኗን ከፖዘቲቭ ጋር ያነካካ ጠጋኝ ቺፗን ያቃጥላል፣ ማዘርቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል። ሌኖቮ አራት ማዕዘን ጫፍ ላይ በቺፕ ፈንታ ዋቱን የሚነግር ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ክፍል) አለ፤ ለ65 ዋት 280 ኦም ገደማ፣ ለ90 ዋት 550። ጥገናው ርካሽ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ላይ 100-240 ቮልት ከተጻፈ እዚህም ይሠራል። የግድግዳውን ገመድ ብቻ 250 ቮልት በተጻፈበት ቀይሩ።

ኮፒ የምንፈቅደው መለያ መርፌ ለሌላቸው እንደ አሮጌ ቶሺባ 19 ቮልት ላሉት ነው። ያኔም አምፒሩ ላፕቶፑ ከሚጠይቀው አይነስ፦ 3.42 ለሚጠይቅ 4.74 ይሆናል፣ ግልባጩ ግን አይሆንም።