ኢሪዲየም ካንዴላ ለባሕር ዳር ሞተር ያዋጣል ወይ?

የኤንጂኬ ኩባንያ ኢሪዲየም አይኤክስ ጥሩ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ዕቃ) ነው፤ ጫፉ ኢሪዲየም ከሚባል ጠንካራ ብረት የተሠራ ነው። ሻጮች የሚያወሩለትን ጉልበት ግን አትጠብቁበት። 125 ሲሲ ሞተር ላይ ተገጥሞ ፍጥነት አይጨምርም፤ ሁለት ሰው ጭናችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስትወጡም ማርሽ ከመቀነስ አያድናችሁም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሞተሩ ጠዋት ቶሎ ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) ሳይንተፋተፍ ይሠራል፣ ቦቢናው (ለብልጭታው ቮልቴጅ የሚሰጠው) ደከም ያለ እንደሆነም ብልጭታው ቶሎ አይቋረጥም።

ምክንያቱ የመሃል ጫፉ ነው። የተራው የኒኬል ካንዴላ ጫፍ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲወፍር የኢሪዲየሙ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከቀጭን ጫፍ ብልጭታ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይዘላል። ኒኬል ቢሆን እንዲህ ቀጥኖ ቶሎ ይበላ ነበር፤ ኢሪዲየም ግን የሚቀልጠው ከ2,400 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ይችለዋል። ከጎን ታጥፋ የምትመጣው ምላስ ግን እዚህም ኒኬል ናት፣ እሷም ትበላለች። «አንዴ ግጠም፣ ዕድሜ ልክህን እርሳው» የሚባለው ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ባሕር ዳር ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መታየት ያለበት የአሮጌው ካንዴላ መልክ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲሠራ ቤንዚን ያበዛል። በዚያ ላይ በመንገድ አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ከተጨመረ ካንዴላው ደረቅና ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። የከተማው ሜዳማነትም አያግዝም፤ በዝግታ እየሄዱ፣ ቶሎ ቶሎ እየቆሙ መንዳት ጫፉን ጥላሸቱን ራሱ አቃጥሎ ወደሚያጠራበት ሙቀት፣ ማለትም ወደ 500 ዲግሪ ገደማ አያደርሰውም። ኢሪዲየሙን እዚህ ላይ ብትገጥሙት እሱም ይጠቁራል። መጀመሪያ ፊልትሮውን አጽዱ ወይም ቀይሩ፣ ቾኩ (ጠዋት ለማስነሳት ቤንዚን የሚያበዛው) ሙሉ በሙሉ መመለሱን እዩ፣ አሁንም ከጠቆረ ጂግለሩን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር አሳንሱ። ካንዴላው ዘይት ጠጥቶ ረጥቦ ከወጣ ጉዳዩ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ነው፤ ምንም ዓይነት ካንዴላ አያድነውም። የመሃል ጫፉን የከበበው ነጭ ሸክላ ቀለል ያለ ቡናማ ከያዘ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ኢሪዲየም የሚገባው ለእንዲህ ያለው ነው።

ቁጥሩን አሮጌው ካንዴላ ላይ አንብቡ፣ ከሞተሩ መመሪያ ጋርም አስተያዩ። የኤንጂኬ የመጀመሪያ ፊደል የጥርሱን (የሚጠመዘዘውን ክፍል) ውፍረት ይናገራል፦ ቢ 14፣ ዲ 12፣ ሲ 10 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ የሙቀት ደረጃ ነው፤ በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ኤች የጥርሱ ርዝመት 12.7፣ ኢ ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህን ማሳሳት ውድ ነው፤ ረጅሙ አጭር ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ውስጥ ከገባ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። የሆንዳ ሲጂ 125 እና በእሱ አምሳል የተሠሩት የቻይና ሞተሮች በአብዛኛው ዲ8ኢኤ (D8EA) ይወስዳሉ፤ የእሱ ኢሪዲየም ዲአር8ኢአይኤክስ ነው። ሲአር7ኤችኤስኤ የሚወስዱ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ ሲአር7ኤችአይኤክስ። ወደ ጎንደር በሙሉ ጋዝ የሚነዳ ሰው መመሪያው ከሚለው ቁጥር አይውረድ፤ የሞቀ ካንዴላ ረጅም ጉዞ ላይ ነዳጁን ያለ ጊዜው ሊያቀጣጥልና ፒስተን ሊበሳ ይችላል።

ትልቁ ስጋት ፎርጅዱ ነው። ካርቶን አይታችሁ አትመኑ። የእውነተኛው ጥርስ የለሰለሰና የጠራ ነው፤ ጫፉና ምላሷ መሃል ለመሃል ይገጥማሉ፤ ሮንዴላው (ጥርሱ ላይ ያለው የማሸጊያ ቀለበት) በጣት ተዙሮ አይወልቅም። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለ ይበልጥ ይቀላል፦ ስሙ ውስጥ አር (ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ አለው ማለት ነው) ያለበት ካንዴላ ከላይኛው ራስ እስከ መሃል ጫፉ 5 ኪሎ ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ዜሮ ካሳየ ሬዚስተር የለውም፣ መልሱት። መለካት የሚከለክል ሱቅ አይገዛበት።

አገጣጠሙ ላይ ችኮላ ቴስታታ ያስበላል። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ አሉሚኒየሙ ትኩስ እያለ ሲፈታ ጥርሱ ይላጣል። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በብስክሌት ፖምፓ ወይም ጎሚስታ ቤት በንፋስ ንፉት፤ እዚያ የተኛው አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ይፍቃል። በጫፉና በምላሷ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት መለኪያ) ለኩ፤ ለዲ8ኢኤ ሞተር ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ማስተካከል ካስፈለገ ምላሷን ብቻ እጠፉ፤ ቀጭኑ ጫፍ ከተነካ ይሰበራል። ከዚያ ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው አስገቡት። መሃል ላይ ከከበደ ጥርስ ስቷል፤ ፍቱና እንደገና ጀምሩ፣ አለዚያ መጨረሻው ቶርኖ ቤት ነው። ሮንዴላው ሲነካ በቁልፍ ግማሽ ዙር ጨምራችሁ አቁሙ። ተፈትቶ የሚመለስ አሮጌ ካንዴላ ከሆነ ሮንዴላው ስለተጨፈለቀ አንድ ስምንተኛ ዙር ይበቃዋል።

በየመንገዱ እንደሚደረገው በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ኢሪዲየሙን በአንድ ቀን ይገድለዋል። ለኒኬሉም አይበጅም፤ ሸክላው ከተጫረ ጥላሸት ቶሎ ይይዛል።

ለገበያና ለሥራ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚመላለስ፣ ትክክለኛ ቁጥር ያለው እውነተኛ የኒኬል ካንዴላ ገዝቶ መመሪያው በሚለው ኪሎ ሜትር መቀየር ያዋጣዋል፤ የኢሪዲየሙ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነውና። ፊልትሮና ካርቡሬተሩ የተስተካከለለት፣ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያደርስና በቀን ብዙ ጊዜ የሚያስነሳ ሰው ግን ኢሪዲየሙን ይግዛ፤ ኒኬሉንም ከነቁልፉ ኮርቻ ሥር ይያዝ።