ቪኤፍኤክስ (የፊልም ምስላዊ ልዩ ውጤት) ለመማር ለምታስቡ፦ ይህን ሰው እወቁልን

ስሙ እንዲወጣ ስላልፈለገ አንጠቅሰውም፤ ምስጋናው ግን አይቀርበትም። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ በኮምፖዚተርነት (ምስሎችን አዋህዶ አንድ በማድረግ) የሚሠራ ወንድማችን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሱ ጋ ጠዋት እኛ ጋ ማታ ሲሆን፣ በቴሌግራም ስክሪኑን እያጋራ አዲስ አበባ ላሉ ኤዲተሮችና ተማሪዎች ሙያውን ያሳያል።

«ቪኤፍኤክስ መሥራት እፈልጋለሁ» ላለው ሁሉ መልሱ «የትኛውን?» ነው። በትልልቅ ስቱዲዮዎች አንድ ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ ቁራጭ) በብዙ እጅ ያልፋል። ሮቶ የሚቆርጥ፣ ማለትም ሰውን ወይም ዕቃን በመስመር ከቦ ከዳራው የሚለይ አለ፣ ሽቦና ማርከር (ለቀረጻ የተለጠፈ ምልክት) የሚያጠፋ አለ፣ የካሜራውን እንቅስቃሴ የሚያወጣ ማችሙቨር አለ፤ ሞዴሉ፣ አኒሜሽኑ፣ ጭሱና እሳቱ፣ መብራቱ የየራሱ ሰው አለው፤ ሁሉን አዋህዶ የሚጨርሰው ኮምፖዚተሩ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነው። ፓይተን የሚችል የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪም በፓይፕላይን (ሥራውን ከክፍል ወደ ክፍል በሚያስተላልፈው የሶፍትዌር ሥርዓት) በኩል ቦታ አለው፤ ስዕል አልችልም ብሎ መመለስ የለበትም። ደስ የማይለውንም አይደብቅም፦ የሮቶ ሥራ በብዛት ወደ ህንድ ስለሚላክ፣ ቫንኩቨርም ለንደንም በሮቶ ብቻ መግባት ከባድ ነው።

ከትምህርቶቹ ሁሉ የነጠላው አንድ ክፍል ብቻውን ይበቃል። ነጠላ የለበሰች ተዋናይ ግሪን ስክሪን ፊት ስትቆም አረንጓዴው በስሱ ጨርቅ ውስጥ ያልፋል። በአንድ ኪየር (አረንጓዴውን ለይቶ በሚያጠፋ መሣሪያ) ብቻ ስትሞክሩት፣ ጠበቅ ስታደርጉት ነጠላው ይበሳሳል፤ ላላ ስታደርጉት አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ጥበቡ ላይ አረንጓዴ ክር ካለማ ጭራሽ ቀዳዳ ሆኖ ከኋላ ያለውን ያሳያል። እሱ ሾቱን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ገላዋን በሮቶ ይደፍናል፣ ለጨርቁ ለብቻው ለስላሳ ኪይ ያወጣል፣ ጥበቡን እንደገና በሮቶ ይመልሳል። ከዚያ አረንጓዴው ከቀይና ከሰማያዊው አማካይ እንዳይበልጥ ይገድብና፣ የጠፋውን ብርሃን ከአዲሱ ዳራ ላይ ወስዶ በጨርቁ ላይ ይጨምራል። ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ከታየ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኪዩ አይደለም፤ ቀለም ያረማችሁት አንፕሪመልት ሳታደርጉ፣ ማለትም ቀለሙን መጀመሪያ ለአልፋው (ለድፍንነት መጠኑ) ሳታካፍሉ ነው።

ቀረጻ ላይ ላላችሁም ምክር አለው። ጥበቡ አረንጓዴ ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን ዘርጉ። ተዋናዩን ከስክሪኑ ሦስት ሜትር ያህል አርቁ። ካሜራው ከቻለ በ10 ቢት 4፡2፡2 (ቀለምን በበለጠ ዝርዝር በሚይዝ አቀራረጽ) ቅረጹ፤ 4፡2፡0 ቀለምን ለአራት ፒክስል አንዴ ብቻ ስለሚይዝ የነጠላው ዘርፍ እንደ ደረጃ ይሰባበራል።

ሮቶ ላይ የማይታገሰው በየፍሬሙ (በቪዲዮው በየአንዱ ምስል) ነጥብ መጎተትን ነው፤ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። ክንድን በአንድ ቅርጽ አትክበቡት፤ ላይኛውን፣ ታችኛውን፣ መዳፉን፣ ጣቶቹን ለየብቻ። መጀመሪያ እንቅስቃሴው አቅጣጫ የሚቀይርበት ፍሬም ላይ ቁልፍ (የቅርጹን አቀማመጥ የሚመዘግብ ምልክት) አስቀምጡ፣ ቀጥሎ መሃሉ ላይ፣ ከዚያ የመሃሉ መሃል።

ሬንደር (የተጠናቀቀውን ምስል ማውጣት) ሁልጊዜ በኢኤክስአር ተከታታይ ምስል፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ፋይል ሆኖ፣ ከፍሬም ቁጥር 1001 ጀምሮ። መብራት 1080ኛው ፍሬም ላይ ቢጠፋ ከዚያው ትቀጥላላችሁ፤ በአንድ የቪዲዮ ፋይል እያወጣችሁ ከሆነ ግን ፋይሉ ሳይዘጋ ተበላሽቶ ይቀራል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህቺ ብቻ ወርቅ ናት።

ክራክ (ያለ ፈቃድ የተሰበረ ሶፍትዌር) አያስነካም። ኮምፖዚተሮች የሚሠሩበት የኑክ ሶፍትዌር ነጻ ቅጂ እስከ 1920 በ1080 ፒክስል ያወጣል፤ የ3ዲ ሶፍትዌሩ ብሌንደርም፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ ያለው ፊውዥንም በነጻ አሉ። አፍተር ኢፌክትስ የለመደ በኖዱ (እርስ በርስ በሚያያዙ ሳጥኖች መሥራት) መጀመሪያ ግር ይለዋል፣ ያልፋል።

ሾውሪል (ለቀጣሪ የምታሳዩት የሥራ ናሙና ቪዲዮ) ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፤ ምርጡ ይቅደም፤ ከእያንዳንዱ ሾት ሥር የእናንተ ድርሻ ምን እንደነበር ይጻፍ። ከዩቲዩብ ትምህርት የተቀዳ ሾት ቀጣሪው መቶ ጊዜ አይቶታል።

እንከኑ? ይፈጥናል፤ የትምህርቱን ቅጂ እያቆማችሁ ደግማችሁ ማየት ይኖርባችኋል። ፍንዳታና ውኃ የምትፈልጉም ሌላ አስተማሪ ፈልጉ፤ ለዚያ የሚያገለግለውን ሁዲኒ የተባለ ሶፍትዌር አያስተምርም።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ባዶ እጅ ግን አይቀበልም፤ አራት ሴኮንድ የሚራመድ ሰው፣ ማለትም 96 ፍሬም፣ ሮቶ ቆርጣችሁ ግራጫ ዳራ ላይ አስቀምጣችሁ ላኩ።